በቀኝ በኩል የተቀደደው ልብስ

ሬኻ ብራሽ በበርሊን፣ በቫይሰንዜው የአይሁድ መቃብር፣ ሴት ሟቾችን አጥበን ከምንገንዝ ሴቶች አንዷ ነበረች። ሁላችንም እናጥባለን፤ መግነዙን የምትሰፋው ግን እሷ ናት። የሟች ልብስ ቋጠሮ የለውም። ክሩ ሳይቋጠር ይሰፋል፤ መቀነቱም ተጠምዝዞ ይቀራል እንጂ አይታሰርም። እኔ የሰፋሁት ገና ሳናለብሰው ይተረተራል። የእሷ አይተረተርም። እንዴት እንደምታደርገው ብጠይቃት "አትጎትቺው፤ ክሩ ራሱ ይሄዳል" አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አትችልም ነበር።

አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት። አባቷ በፖዘን አውራጃ በአንዲት ትንሽ ከተማ ምኩራብ ጸሎት ይመሩ ነበር፤ ሥርዓቱን የተማረችው ከእሳቸው ነው። እህትም ወንድምም የላትም። አላገባችም፤ አልወለደችም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ስለነበር፣ ኋላ የሆነው ነገር ሲሆን ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሎኒ ኻይማንን ያገኘቻት በሥራ ላይ ነው። ሎኒ የታክሲ ሾፌር ነበረች። እናቷ የሞቱ ዕለት የራሷን ታክሲ እየነዳች፣ ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ መጣች። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ቆሞ ልብሱን ይቀድዳል፤ ቢላዋ ይዞ ቀዳዳውን የሚጀምርለት ሌላ ሰው ነው። ለወንዶቹ የሚጀምሩት ሽማግሌ ሎኒን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ የወንዶቹ ድርሻ ትሁን የሴቶቹ ግራ ገባቸው መሰለኝ፣ ቢላዋውን ለሬኻ ሰጧት።

"ለእናት በግራ በኩል ነው፣ በልብ ላይ" አለች ሬኻ።

"ደህና ኮት ያለኝ ይህ ብቻ ነው እኮ።"

"ደህና ስለሆነ ነው የሚቀደደው።"

"በኋላስ ይሰፋል?"

"የእናትና የአባት አይሰፋም፤ ጫፉ ብቻ ይያያዛል። ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለእህት ሲሆን በቀኝ በኩል ነው። እሱ ሠላሳ ቀን ሲያልፈው ይሰፋል።"

"ሟቹ ይረሳል ማለት ነው?"

"ይሰፋል ነው ያልኩሽ። ይረሳል አላልኩም።"

ሎኒ ያን ጊዜ፣ በእናቷ ቀብር ላይ፣ ፈገግ አለች። ከሠላሳው ቀን በኋላ የኮቱ ጫፍ እንደተንጠለጠለ ተመልሳ መጥታ "አያይዢልኝ" አለቻት። ሬኻ እዚያው የስፌቱ ወንበር ላይ አስቀምጣት፣ ኮቱን ሳታስወልቃት፣ ደረቷ ላይ አጎንብሳ አያያዘችው። እኔ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። ሬኻ ጣቷን በመርፌ ስትወጋ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን በኖለንዶርፍ አደባባይ አካባቢ ሴቶች ብቻ የሚጨፍሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ሎኒ ቅዳሜ ሲመሽ፣ ሰንበቱ ከወጣ በኋላ፣ ሬኻን ይዛት ትሄዳለች። ሬኻ መጀመሪያ ጓንቷን አላወልቅም አለች፤ እጇ ምን እንደሚሠራ ሰው ያወቀባት ይመስላታል። የሎኒ ጓደኞች መሳለቃቸው አልቀረም።

"ሎኒ፣ ይህችን ደግሞ ከየት አመጣሻት? ከመቃብር ነው?"

"ከመቃብር ነው" አለች ሎኒ፣ "እናንተንም አንድ ቀን ታጥባችኋለች፤ ስለዚህ አክብሯት።"

ሳቁ። ሬኻም ሳቀች፤ ጓንቷንም አወለቀች። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስትነግረኝ ያየችውን ጭፈራ ሁሉ ትታ ስለ ጓንቱ ብቻ ነው ያወራችው።

ከዚያ ሎኒ ወደ ሬኻ ቤት ገባች።

ናዚዎቹ ሥልጣን በያዙበት ዓመት ጭፈራ ቤቶቹ ተዘጉ። ፖሊሶች በር ላይ ቆመው የሴቶቹን ስም ጻፉ። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ጠባቂ ሚስት ስለ ሁለቱ አንድ ነገር ተናገረችና ሎኒ ተጠራች። መንጃ ፈቃዷን ወሰዱባት። የጠየቃት ሰውዬ ሱሪዋን እያየ "አይሁድ መሆንሽ አነሰሽና ደግሞ ወንድ መሆን አማረሽ?" አላት። ሁለት ጥርሷን አጥታ ተመለሰች። ፀጉሯን እንድታሳድግና ቀሚስ እንድትለብስ አስፈረሟት። ሎኒ ቀሚስ ስትለብስ በልኳ ያልሆነ የሌላ ሰው ልብስ የተሰጣት ትመስል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሎኒ የሬኻ ደባል ሆነች። ለመዝገቡ ደባል፣ ለግቢው ጠባቂ ደባል፣ ለምኩራቡ ሴቶች ደባል። ሁለት አልጋ አስገቡ። ማንም ያልተኛበትን አልጋ ጠዋት ጠዋት ሬኻ ትበታትነውና መልሳ ታነጥፈው ነበር፤ ድንገት የመጣ ሰው ትራሱ ላይ የራስ ቅርጽ እንዲያይ በቡጢ ትጫነዋለች። ከጀርመኖቹ ብቻ አልነበረም የሚደብቁት። ከእኛም ነበር።

ኋላ አይሁዶችን ከየቤታቸው እያስወጡ በጥቂት ሕንጻዎች ሲያጭቁ፣ የሬኻ ሁለተኛ ክፍል ለወይዘሮ ፒንኩስ ተሰጠ። ወይዘሮ ፒንኩስ የኮፍያ ነጋዴ መበለት ናቸው፤ ትልቅ መስታወታቸውን ይዘው ገቡ፤ ጆሯቸውም ስል ነበር።

"እናንተ ልጆች" ይላሉ በግድግዳው ማዶ፣ "በዚህ ዕድሜ ባል ሳትይዙ፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ሁለት ቀብሬአለሁ!"

"እርስዎ ሁለቱን ወስደው እኛ ምን ይድረሰን?" ትላቸዋለች ሎኒ።

ሬኻ አንዳንዴ ስፌቱን ወደ ቤት ትወስዳለች። አንድ እሑድ ሎኒ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሱሪ አየች።

"የማን ነው?"

"ዛሬ ጠዋት ያረፉት፤ የረቢው ሚስት።"

"የረቢው ሚስት በሱሪ?"

"ወንድም ሴትም በሱሪ ነው የሚቀበረው። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።"

ሎኒ ሳቋን ልታቆም አልቻለችም። "እንግዲያው ያ ሰውዬ ሱሪ የከለከለኝ እስክሞት ድረስ ነው!" አለች። ወይዘሮ ፒንኩስ ግድግዳውን እስኪደበድቡ ድረስ ሳቀች። ሬኻ በማግሥቱ ስትነግረኝ እሷም እየሳቀች ነበር፤ ቀጥሎ ግን መርፌዋን አስቀምጣ "በዚያ ሱሪ ውስጥ እሷን ነው ያየሁት፣ ቴያ" አለችኝ። "ጨርቁን ስቆርጥ ልክ የእሷን ልክ ነው የምቆርጠው። እጄ ሌላ ልክ ረስቷል።"

ሎኒን ባትሪ ፋብሪካ አስገቧት። በፋብሪካው ያለ ሰው ለጊዜው ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር አይጫንም። በበጋው መጨረሻ ግን ቀኝ እጇን አሲድ በላት፤ መሥራት አልቻለችም፤ ወዲያው የጉዞ ትእዛዙ መጣ። በተባለው ቀን ሻንጣዋን ይዛ እንድትቀርብ።

እኛ ገናዦቹ አንወሰድም ነበር። ናዚዎቹም ሬሳ በየቤቱ እንዲከማች አይፈልጉም። የአንዷ ገናዥ ባል ወይም ልጅ የሆነ ሰውም ከእሷ ጋር ይቀራል። ሬኻ ይህን ታውቅ ስለነበር ሎኒን ለማስቀረት ወደ አይሁድ ማኅበረሰቡ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ነበር።

"ምንሽ ናት?" አላት።

ሬኻ መልሱን ስትነግረኝ ውሃ እየቀዳን ነበር። "ደባሌ ናት አልኩት" አለችኝ። "ወደ አሥር ዓመት ስለው የኖርኩት ቃል ነው፤ ሳላስበው ወጣ። እሱም 'ደባል አይቆጠርም፤ ቀጥሎ' አለ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ገፋችኝ።"

እውነቱን ብትናገር ኖሮ ሎኒ ትተርፍ ነበር ማለት አይደለም። ምናልባት ሁለቱም በዚያው ሳምንት ይሄዱ ነበር። ይህን ነገርኳት። ውሃውን እንደያዘች ሰማችኝና "አውቃለሁ" አለች፤ "ግን ያልኩት ያንን ነው።"

ሎኒ ወደ ባቡሩ እንደማትሄድ ለሬኻ ነግራታለች። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ የምናጥባቸው ግማሾቹ እነሱ ነበሩ።

"እዚያ የሚያጥብ የለም" አለቻት። "እዚህ አንቺ አለሽ። አንቺ ትሠሪኛለሽ። ቴያን እንዳታስነኪኝ፤ እጇ በረዶ ነው።"

"እንደዚህ አትናገሪ።"

"ቃል ግቢልኝ።"

ሬኻ ቃል ገባች። ምን ማድረግ ትችል ነበር? ሎኒ ልትቀርብ በታዘዘችበት ቀን ዋዜማ ሬኻ ከሥራ ስትመለስ፣ ያንን የድሮ ኮት ለብሳ፣ የግራ ጫፉ ተያይዞ እንዳለ፣ አልጋው ላይ ሞታ አገኘቻት። የተኛችው ማንም በማይተኛበት አልጋ ላይ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሎኒን አመጡልን።

የገናዦቹ አለቃ ወይዘሮ ትራይቴል ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሥርዓት ሲጣስ ዓይናቸው የሚያቃጥል ሴት። በእኛ ልማድ የቅርብ ዘመድ ዘመዱን አያጥብም፤ የሟች ክብር ነው፤ ለሚያጥበውም ይከብዳል። ስለዚህ ወይዘሮ ትራይቴል ውሃው ከመፍሰሱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ማንም መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አልነበረም፤ እንደ ጸሎቱ መጀመሪያ የለመድነው ነገር ነው።

"ከመካከላችን የሟቿ ዘመድ የሆነች አለች?"

አራት ነበርን፦ እሳቸው፣ እኔ፣ ወይዘሮ ሔንሼልና ሬኻ። ሬኻ ባልዲውን ይዛ ነበር። ዝም ብትል ያበቃል። ዝም ብትል ሎኒን ታጥባታለች፤ ቃሏን ትጠብቃለች፤ በዓለም ላይ የሚነቃባት የለም። እኔ ዝም እንድትል ስመኝ ነበር።

ባልዲውን አስቀመጠች።

"አለች" አለች።

"ማን?" አሉ ወይዘሮ ትራይቴል።

"እኔ።"

"ደባልሽ ናት ነው ያሉኝ።"

"ደባሌ አይደለችም።"

ሬኻ የክር መቁረጫውን ቢላዋ ከጠረጴዛው አንሥታ ለወይዘሮ ትራይቴል ዘረጋችላቸው።

"እንዳጥባት ቃል ገብቼላት ነበር" አለች። "አልችልም። እዚህ ቆሜ ምንም አይደለችም ብዬ ልነካት አልችልም። ይቅደዱልኝ።"

"ወይዘሮ ትራይቴል!" አለች ሔንሼል። "ይሄ እንዴት ይሆናል? ሴት ለሴት? ደግሞ ራሷን ላጠፋች!"

"በዚህ ከተማ ዘንድሮ ራሱን ያጠፋ የለም" አሉ ወይዘሮ ትራይቴል ቢላዋውን እያዩ። "አንቺ ሂጂና ውሃውን አሙቂ።" ከዚያ ወደ ሬኻ ዞሩ። "በየት በኩል ነው?"

ያን ጊዜ አይሁድ ሁሉ እንዲያደርገው የታዘዘው ቢጫ ኮከብ በሁላችንም ግራ ደረት ላይ ተሰፍቶ ነበር።

"በቀኝ" አለች ሬኻ።

በቀኝ የሚቀደደው ለማን ለማን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እህትና ልጅ እንደሌላት ደግሞ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ወይዘሮ ትራይቴል ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ ጫፉን በቢላዋው ከፈቱት። ሬኻ የቀረውን በእጇ ቀደደችና፣ ሐዘንተኛ እንደሚል፣ "እውነተኛው ዳኛ ይባረክ" አለች። ወጥታ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ትራይቴል በሩን አልዘጉትም።

እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እስኪቀላ ድረስ አቆየሁት። ከዚያ ጀመርን። መግነዙ ሬኻ ከሳምንታት በፊት ከአሮጌ አንሶላ የሰፋችው ነበር፤ ለማን እንደሆነ ያልነገረችኝ። ሱሪውን ያለበስኳት እኔ ነኝ። በልኳ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ ትራይቴል ሬኻን ወደ ጥግ ሳቧት።

"ስሚኝ ልጄ፤ ነገ ሥራሽ ላይ ተገኚ።"

"ሐዘንተኛ ሰባት ቀን ከቤቱ አይወጣም።"

"እኔን ሥርዓት ታስተምሪኛለሽ? እዚህ ያለ ሰው አይነካም። ቤቱ የተቀመጠውን ይሰበስቡታል። ሕጉ ራሱ ነፍስሽን አድኚ ይላል።"

"እርስዎ ለባልዎ አልተቀመጡም?"

"ያ ሌላ ዘመን ነበር!"

"ባልዎ ሌላ ባል ነበር ማለትዎ ነው?"

ወይዘሮ ትራይቴል የተቀደደ ልብሷን አስተካከሉላትና ሄዱ።

ሬኻ ለሎኒ ለቅሶ ተቀመጠች። ከቀብር መልስ ሐዘንተኛ የመጀመሪያውን ምግብ ከራሱ ቤት አይበላም፤ ጎረቤት እዝን ያመጣለታል። የሚያመጣ ከሌለ ጦሙን ያድራል። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ እንደሆነ፣ ወይም ማንንም ሳትጠብቅ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ባሌ ክርስቲያን ስለነበር ጥቂት የተሻለ ራሽን ነበረኝ፤ ምስር ቀቅዬ ይዤ ስሄድ ደረጃው ላይ ወይዘሮ ትራይቴልን አገኘኋቸው። ትራም መሳፈር ተከልክሎብን ስለነበር ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። እሳቸውም በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል።

በሩን የከፈቱልን ወይዘሮ ፒንኩስ ናቸው።

"ምንድን ነው ነገሩ? ለደባል ሰባት ቀን ይቀመጣሉ?"

"እዝን ነው" አሉ ወይዘሮ ትራይቴል። "መንገድ ይልቀቁልኝ፤ ከባድ ነው።"

ገብተን በሥርዓቱ ዝም ብለን ተቀመጥን፤ ሐዘንተኛው ካልጀመረ ለቅሶ ደራሽ አይናገርም። ሬኻ ድስቶቹን አየች፤ እኛን አየች። መናገር የጀመረችው ማንኪያውን ካነሳች በኋላ ነው፤ ያለችውም "ጨው የለውም" ብቻ ነው።

"ጨው ከየት ይምጣ?" አሉ ወይዘሮ ትራይቴል። ሁለቱም አለቀሱ።

በማግሥቱ ስመጣ የወይዘሮ ፒንኩስ ትልቁ መስታወት በአልጋ ልብስ ተሸፍኖ አገኘሁት። ለቅሶ ባለበት ቤት መስታወት ይሸፈናል።

ሰባቱ ቀን ሳይሞላ የጭነት መኪኖች መጥተው ሕንጻውን ሁሉ አራገፉት። ወይዘሮ ትራይቴል እንደፈሩት ሆነ። እኔ ስደርስ በሩ ታሽጎ ነበር። የነገረችኝ ያቺው የግቢው ጠባቂ ሚስት ናት፤ ደረጃ እየጠረገች፣ እንደ ወሬ። ሬኻ የገናዥነት ወረቀቷን አሳይታ ነበር አለች። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ፣ ታዲያ ለምን ሥራሽ ላይ አይደለሽም አላት። ለቅሶ ተቀምጫለሁ አለችው። ለማን ሲላት "ለባለቤቴ" አለችው።

"ወረቀቷ ላይ ግን ያላገባች ነው የሚለው" አለች የጠባቂው ሚስት መጥረጊያዋን እያራገፈች። "ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የተቀደደ ልብሷን እንደለበሰች ወረደች። 'ሌላ ቀይሪ' ብላት 'እስከ ሠላሳው ቀን አይሰፋም' አለችኝ። እኔ ስለ መስፋት ምን አልኩ?"

ባቡሩ ወደ ሪጋ ነው የሄደው ይባላል። ሌሎች ሌላ ይላሉ። ከዚያ ባቡር ሲመለስ ያየሁት ሰው የለም።

ሬኻ በተወሰደች ሳምንት አንዲት አሮጊት አመጡልን። የቀረነው ሦስት ሆነን ቆምን፤ የስፌቱ ወንበር ባዶ ነበር፤ መግነዙን የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ አንድ እጅጌው ከወዲሁ ተተርትሯል። ወይዘሮ ትራይቴል እጃቸውን ታጥበው ወደ እኛ ዞሩ። የለመድነውን ጥያቄ ስንጠብቅ እንዲህ አሉ፦

"ከመካከላችን ይህችን ማጠብ የሚከብዳት አለች?"

ሔንሼል ቀና ብላ አየቻቸው። ቃሉ ከአባቶች የወረደ ነው ልትል መሰለኝ፤ ግን ባልዲውን አነሣች። ወይዘሮ ትራይቴል ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የጠየቁት፤ በብርዱ ወራት እሳቸውም እስከተወሰዱ ድረስ። ቀጥሎ ሔንሼል ሄደች። እኔን በባሌ ምክንያት አቆዩኝ፤ የሚያግዙኝ ሴቶችም በየወሩ ይለዋወጡ ነበር።

ውሃው ከመፍሰሱ በፊት የምጠይቀው ከዚያ ወዲያ እኔ ነበርኩ። የምጠይቀውም እሳቸው በቀየሩት ቃል ነበር፤ አዲሶቹ ሴቶች ሌላ ቃል እንደነበረ አያውቁም። ጠይቄ ትንሽ እቆያለሁ፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።